ያሳደርኩት መርዶ

በእጩዎች ቅጽ ላይ «የሥራ ልምድ» ለሚለው የተተወልኝ ሦስት መስመር ነው። ሃያ አራት ዓመት በሦስት መስመር! ቅጹን ያዘጋጀው የማኅበራችን ጸሐፊ አቶ ተስፋዬ ነው፤ አገር ቤት የወህኒ ቤት መቶ አለቃ የነበረ፣ አሁን ሰናኢያ ውስጥ የፋብሪካ መጋዘን የሚጠብቅ ሰው። «ካልበቃሽ ጀርባው ላይ ጻፊ፣ እህቴ ሩቅያ» አለኝ። ጀርባውም አልበቃኝ። ይህን ደብተር የገዛሁት ለዚያ ነው።

የማኅበራችን ስም ረጅም ነው፤ የማረሚያና የማቆያ ቤት ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር እንባላለን። ሪያድ የምንኖር፣ አገር ቤትም ሆነ እዚህ በእስር ቤት በር በኩል እንጀራችንን የበላን ሰዎች ነን። አስተርጓሚው፣ የቀድሞ ዋርድያው፣ ነርሷ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ሁሉ አለበት። ሰባት ሰው ያለው ቦርድ አለን። አንድ ስልክም አለን። ብዙው ሰው ቦርዱን የሚመኘው ለክብሩ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔ የነበረው ስልኩ ላይ ነው።

በዚያ ስልክ የሚደውሉት አገር ቤት ያሉ ቤተሰቦች ናቸው። ልጃቸው ወይ እህታቸው ተይዛ ማቆያ ቤት ገብታለች፤ መልእክት ይልኩላታል፤ አባሎቻችን ገብተው ያደርሱላታል። ምን ይነገራት፣ ምን ይቆይላት የሚለውን የሚወስነው ቦርዱ ነው። መርዶ ግን ከነጭራሹ አይነገርም። አገሯ ስትገባ ዘመድ ያርዳት ይባላል። የትም አልተጻፈም፤ ካልተጻፈ ሕግ የበለጠ የሚጸና ሕግ ደግሞ የለም። እኔ የተወዳደርኩት እሱን ለማፍረስ ነው።

ሥራ የለቀቅሁት ባለፈው ዓመት ነው። እዚህ ለእኛ ጡረታ የሚባል ነገር የለም፤ ኮንትራትሽ አይታደስም ይሉሻል፣ ባጅሽን ትመልሻለሽ፣ ኸላስ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ወደ ልጄ ዞረ፤ ሙረባዕ ሰፈር አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ከሱ ጋር እኖራለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጠዋት ተነስቼ የልጄን ሸሚዞች ስቆጥር ራሴን ያዝኩት። የእስረኛ ቆጠራ ለምዶብኝ ነው።

የጀመርኩት ወሎ፣ በአንዲት ከተማ ወህኒ ቤት የሴቶች ክፍል ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ሥራው መጮህ ይመስለኝ ነበር። ሻምበላችን ደግሞ ሥራው ወረቀት ይመስለው ነበር። አንዲት እስረኛ ምጥ ይዟት «መጀመሪያ ማመልከቻ ትጻፍ» ያለ ሰው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለሱ ሳይሆን አይቀርም። ሴትየዋ ማመልከቻው ሳይጻፍ ወለደች፤ እኔም የተማርኩት ነገር ቢኖር ከአለቃ ፈቃድ የማይጠብቅ ነገር እንዳለ ነው። አራት ዓመት ሠርቼ ደመወዙ ሲያንሰኝ እንደ ጓደኞቼ ሪያድ መጣሁ።

ነሲም ሰፈር፣ ዘጠኝ ልጆች ያሉበት ቤት ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። ስድስት ዓመት ቆየሁ። ዓረብኛ ያስተማሩኝ ልጆቹ ናቸው፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ስቆጣ እንደ ሕፃን የምናገረው። የማዳም እህት ኡም ሳሊሕ ትባላለች፤ በአንድ የሴቶች ማቆያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነበረች። አንድ ዓርብ ልትጠይቅ መጥታ፣ የጎረቤት ሠራተኛና አሠሪዋ ተጣልተው እኔ መሀል ገብቼ ሳስታርቅ አየችኝ። እስክጨርስ ሰማችና ለእህቷ «ይቺን ስጪኝ» አለቻት። እንደ ድስት ተለምኜ ሄድኩ። ከፊሌ፣ የምኖርበት ዋስ፣ ተለወጠ፣ ባጅ ተሰጠኝ፣ አስተርጓሚ ተባልኩ። ሃያውን ዓመት የሠራሁት እዚያ ነው።

ኡም ሳሊሕ አጭር፣ ወፍራም፣ ስትራመድ የማትሰማ ሴት ነበረች። የማትሰማው ቁልፎቿን በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ስለምትከት ነው። «የቁልፍ ድምፅ የሚያስፈራው የታሰረውን ብቻ ነው፤ ታዲያ ለማን ነው የማቃጭለው?» ትላለች። በር ግን ሳታንኳኳ አትገባም ነበር። መክፈቻውን ራሷ ይዛ ታንኳኳለች፣ «ግቢ» እስኪሏት ትቆማለች። መጀመሪያ ጊዜ ሳያት በልቤ ሳቅሁባት። በሁለተኛው ወር እኔም ማንኳኳት ጀመርኩ፤ ያንኳኳሁላቸው ሴቶች ትከሻቸው ሲላላ አየሁ።

አስተርጓሚነትን ያስተማረችኝም እሷ ናት፣ አማርኛ አንድ ቃል ሳታውቅ። «እሷ 'እኔ' ስትል አንቺም 'እኔ' በዪ፤ 'እሷ እንዲህ ትላለች' ካልሽ ከሷ ርቀሽ ቆመሻል ማለት ነው» አለችኝ። ስታለቅስ እንዳላለቅስላት፣ ስትሳደብ ስድቡን እንዳላሳምርላት ነገረችኝ። አዲስ የገባችውን ሴት ከአገሯ ልጅ አጠገብ አስተኚያት፣ ከመንደሯ ልጅ አጠገብ ግን እንዳታስተኚያት፤ መንደር ወሬ ይዞ ይመጣል ትል ነበር። ምግብ የማትበላውን ሳይሆን ምግቧን ለሌላ የምታድለውን ጠብቂ አለችኝ። ይህን ሁሉ ለመድኩ። አንዱን ብቻ ሳልለምድ ቀረሁ። እሱም «ዜና ይዘሽ አትደሪ» የሚለውን ነው።

ሰኢዳ የባቲ አካባቢ ልጅ ነበረች። ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ፣ ያለ ኢቃማ ስትሠራ ተይዛ ነው ወደ እኛ የመጣችው። ሳቂታ ናት። የክፍሉን ሴቶች ፀጉር ሁሉ ሹሩባ ስትሠራ ትውላለች። ሂክማ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረቻት፤ አባትየው ጅቡቲ ሄዶ እዚያው ቀርቷል፣ ልጅቷን ለእናቷ ትታ ነው የወጣችው። ስለ ልጇ ስታወራ መዳፏን ወገቧ አጠገብ ዘርግታ «እዚህ ድረስ ትደርሳለች» ትላለች። ወር በገባ ቁጥር መዳፏን ትንሽ ከፍ ታደርጋለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት የቢሮው ስልክ ጮኸ። ያኔ ቤተሰብ የሚደውለው በቀጥታ ወደ እኛ ነበር፣ የማነሳውም እኔ። «የሰኢዳ አጎት ነኝ» አለ ሰውየው። «እናቷ ትናንት አረፈች። አደራ፣ እዚያ እንዳትነግሯት። ስትገባ ዘመድ ተሰብስቦ እናረዳታለን።» እንደ ወጉ ነው የተናገረው። እኔስ የወሎ ልጅ አይደለሁ? ሰው በባዕድ አገር፣ ያለ ዘመድ፣ ደረቱን የሚይዝለት ሳይኖር መርዶ እንደማይነገረው እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እሺ አልኩት። ኡም ሳሊሕ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። «ምን አሉ?» አለችኝ።

«ሰላምታ ነው» አልኳት። በአስተርጓሚነቴ የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው።

በሁለተኛው ቀን የሐሙስ በረራ ዝርዝር መጣ። የሰኢዳ ስም አለበት። የሚያስል ሕፃን የታቀፈች አንዲት ሴት ደግሞ ወረቀቷ ተሟልቶ ስሟ ቀርቷል። ሰኢዳ ራሷ መጣችብኝ።

«ሩቅያ እህቴ፣ የኔን ቦታ ለሷ ስጧት» አለች። «ልጁ ደረቱን ይዞታል። እኔን የሚጠብቀኝ እናቴ ናት፤ እሷ ትዕግሥተኛ ናት። ሳምንት ብቆይ ምን ትሆናለች?»

እስክሪብቶ እጄ ላይ ነበር። የሚጠብቃት እናት እንደሌለች አውቃለሁ። ደግሞም ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ የሞተችው ተቀብራለች፣ የሞተ ሰው አይቸኩልም፤ ሕፃኑ ግን ያስላል። ስሌቴ ቆንጆ ነበር። ሂክማን ረሳኋት። ስለ ሞተችው ሳስብ፣ ስለ ሞተችው ስጠነቀቅ፣ እዚያ ቤት በሕይወት የቀረችውን ልጅ አንዴም አላሰብኳት። ይህን ዛሬም ስጽፈው እፍረት ይይዘኛል።

ኡም ሳሊሕ ለውጡን ስትፈርም ቀና አለችና «ሰኢዳ ሁሉን አውቃ ነው የተወችው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሁሉን አውቃ ነው» አልኩ።

ሳምንት ያልነው ሰባት ሳምንት ሆነ። ወረቀቷ ጊዜው አለፈና እንደገና ተጀመረ፣ ከዚያ በረራው ሞላ፣ ከዚያ ዒድ ሆነ። በየቀኑ ታየኛለች፣ በየቀኑ ትስቃለች፤ እኔ ዓይኗን መሸሽ ጀመርኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ግን እያደር ከበደኝ። ስትሄድ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው የሸኘኋት እኔ ነኝ። አቅፋኝ «ዱዓ አድርጊልኝ» አለችና መዳፏን ደረቷ ጋ ዘርግታ አሳየችኝ። ሂክማ እዚያ ደርሳለች ማለቷ ነው።

በወሩ ደወለች። ድምፅዋን ወዲያው አወቅሁት።

«ሩቅያ እህቴ፣ እናቴ መሞቷን አውቀሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ያን ሐሙስ፣ ቦታዬን ስሰጥ?»

«አዎ።»

ከዚያ ነገረችኝ። እናቷ በሞተች በሁለተኛው ሳምንት የሂክማ አባት ዘመዶች መጥተው፣ ቤቱ ትልቅ ሰው የለበትም ብለው ልጅቷን ወሰዷት። ጅቡቲ ተሻገሩ። የት ሰፈር እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ አልተገኘም። «በሐሙሱ ብመጣ ልጄ ለቅሶው ቤት ነበረች» አለችና ዘጋችው። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ቀን ለኡም ሳሊሕ ሁሉንም ነገርኳት፣ ሁለቱንም ውሸት። አልጮኸችም። ስልኩን ከኔ ጠረጴዛ አንስታ ወደራሷ ወሰደችው፤ ለአንድ ዓመት አላስነካችኝም። ስልክ ሲጮህ ሌላ ሴት ታነሳለች፣ እኔ እሰማለሁ። ሰኢዳ ልጇን ከሦስት ዓመት በኋላ እንዳገኘቻት ከሰው ሰማሁ። ልጅቷ ሌላ ሴት «እማ» ትል ነበር አሉ።

ዓመቱ ሲሞላ ኡም ሳሊሕ ስልኩን መለሰችልኝ፣ ከነትምህርቱ። «ከሷ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ» አለች። «ውሃ ያዢ፣ ግን እስክትጠይቅሽ አትስጪ። የሟቹን ስም ጥሪ። 'ሞተ' በዪ፤ 'ታመመ' አትበዪ። ከዚያ ዝም በዪ። ምን እንደምታደርግ እሷ ትወስናለች፤ አገሯ የቀረውን ቤት ከአንቺ የበለጠ ታውቀዋለች።» ከዚያ ወዲህ መርዶ በመጣበት ቀን ስናገር ኖርኩ። አገር ቤት ያሉ ቤተሰቦች ረገሙኝ፤ እዚህ ያሉት ደግሞ «መርዶ ነጋሪዋ» ብለው ስም አወጡልኝ። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ኋላ የቢሮው ስልክ ለቤተሰብ ተዘጋ፣ መልእክቱ ሁሉ በማኅበራችን በኩል ሆነ፣ እኔም ሥራ ለቀቅሁ። መርዶ የማሳደሩ ልማድም እንደገና ነገሠ።

ምርጫው የተደረገው ለጉባኤው በተከራየነው ኢስትራሃ፣ የመዝናኛ ግቢ፣ ውስጥ ነው፣ ዓርብ ከሶላት በኋላ። ለእያንዳንዱ እጩ ሦስት ደቂቃ። አቶ ተስፋዬ ንግግሬን ቀድሞ አንብቦታል። «እህቴ፣ ምረጡኝ ብለሽ ቆመሽ ነውርሽን ትዘረግፊያለሽ?» አለኝ። «ልምድሽን ተናገሪ፣ ኢንሻአላህ ታልፊያለሽ።» ክርስቲያን ነው፣ ኢንሻአላህ ግን ከኔ በላይ ይላል።

ከኔ በፊት የተናገረችው ነቢላ ናት። ሪያድ ያደገች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ አሁን በኔ ቦታ የምታስተረጉም ልጅ። አማርኛዋ መሀል ላይ እየጠፋባት በዓረብኛ ትሞላዋለች። ሰዉ ወደዳት። እኔ ተነስቼ የሰኢዳን ታሪክ ተናገርኩ፤ ሦስት ደቂቃው አልቆ አቶ ተስፋዬ ሰዓቱን ሲያሳየኝ አላየሁም መስዬ ቀጠልኩ። 

በመጨረሻ ሐጂ ሰይድ እጃቸውን አነሱ። የማኅበሩ አንጋፋ ናቸው፣ ድሮ ደሴ ዋርድያ የነበሩ። «ልጄ ሩቅያ፣ ማሳዘኑስ ያሳዝናል» አሉ። «ነገር ግን መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ በጧት ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው ሰው የሚረዳ። አንቺ የምትዪው ግድግዳ ይዛ ታልቅስ ነው። እኛ እስረኛ እንጠብቃለን እንጂ አንገልም።»

«ልክ ነዎት፣ ግድግዳ ይዛ ነው የምታለቅሰው» አልኳቸው። «እኔ ግን ሰኢዳን ያስለቀስኳት ነግሬያት አይደለም። ሳልነግራት ነው።»

አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባ ድምፅ አይደለም። ስምንተኛ ወጣሁ፤ ቦርዱ ሰባት ሰው ነው። ነቢላ አንደኛ ሆነች፣ ስልኩም ለሷ ተሰጠ። ወደ ቤት ስመለስ ከፍቶኝ ነበር፤ ለልጄ «ደህና ነው» ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ሳይሆን ከሳምንት በኋላ፣ እሑድ ጠዋት ነቢላ ደወለችልኝ።

«ኻልቲ ሩቅያ፣ አሁን ስልክ መጣ» አለች። ኻልቲ የምትለኝ አክስቴ ለማለት ነው። «ፋጡማ የምትባል አለች፣ አባቷ ዛሬ ፈጅር ላይ ሞተ። አጎቷ አደራ አትንገሯት ይላል። አቶ ተስፋዬን ጠየቅሁት፣ ይቆይ አለ። ሐሙስ በረራ አላት። ጠዋት ደግሞ 'ከጓደኛዬ ጋር ካልሆነ አልሄድም፣ ስሜን አስወጪልኝ' ብላኛለች። ወላሂ አልቻልኩም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልነግራት ነው። ግን ኻልቲ፣ በአማርኛ እንዴት እንደሚባል አላውቅም። ቤታችን ሰው ሲሞት የሚያወሩት ትልልቆቹ ናቸው። ነይልኝ።»

የጠያቂ ቀን ነበር። ባጅ የለኝም፤ እንደማንኛዋም ጠያቂ መታወቂያዬን በር ላይ አስቀምጬ፣ ተፈትሼ ገባሁ። ሃያ ዓመት በገባሁበትና በወጣሁበት በር ስፈተሽ ሳቄ መጣ። ነቢላ ተቀብላኝ ወደ ክፍሉ ስንሄድ ኡም ሳሊሕ የነገረችኝን አንድ በአንድ ነገርኳት። «አንቺ ትነግሪያታለሽ፣ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ» አልኳት። «የፋጡማን የጠዋት ጥያቄ ግን ወረቀት ላይ አስፍረሽዋል?»

«ገና ነኝ።»

«አታስፍሪው።»

ነቢላ በሩን አንኳኳች። ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኋትም። ፋጡማ ቀጭን፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ኮስተር ያለች ልጅ ናት። ስታየን ስለ በረራው የመጣን መስሏት «አልሄድም ብያለሁ እኮ» አለች። ነቢላ መሬቱ ላይ፣ ከሷ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ውሃውን ጉልበቷ ላይ ያዘችው።

«ፋጡማ እህቴ» አለች። «አባትሽ፣ አቶ ሙሔ… ዛሬ ጠዋት ሞተዋል።»

ከዚያ ዝም አለች። አፌ እስኪበላኝ ድረስ የምጨምረው ቃል ነበረኝ፤ «አይዞሽ»፣ «የአላህ ሥራ ነው»፣ «ሁላችንም»። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ፋጡማ ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። ሐጂ ሰይድ እንዳሉት ነው፣ ግድግዳ ይዛ። እኔና ነቢላ ግራና ቀኝ ያዝናት። ጓደኛዋ ሮጣ መጣች፣ ሌሎቹም ሴቶች ተነሱ፣ ክፍሉ በአንድ አፍታ ለቅሶ ቤት ሆነ። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ፋጡማ ሻርፗን ከፊቷ አወረደችና ውሃ ጠየቀች። ጠጣች። ከዚያ ነቢላን እጇን ያዘቻት።

«ዛሬ ነው ያልሽኝ?»

«ዛሬ ፈጅር ላይ።»

«ታናሽ እህቴ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ካባቴ በቀር ማንም የላትም፤ አጎቶቼ ሊድሯት ሲጠብቁ ነው የኖሩት» አለች። ተነስታ ቆመች። «ቅድም ስሜን አስወጪ ያልኩሽ፣ አስወጥተሽዋል?»

ነቢላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ግን የማየው ሰኢዳን ነበር፤ መዳፏን ወገቧ አጠገብ ዘርግታ ቆማለች።

«አልወጣም» አለቻት ነቢላ። «ሐሙስ ትሄጃለሽ።»